ከደመወዝ በፊት፣ ከደመወዝ በኋላ፦ ሠራተኛ ለምን ይለቃል? ለምንስ ይቆያል?



ጂሲዎቻችን ጋዋን ሊለብሱ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። ኢንሻአላህ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በመጀመሪያው የሥራ ዓመታቸው ሃያና ሠላሳ ሰው ይረከባሉ። ሲቪሎቹ ሳይት ላይ ከፎርማን ጋር ይቆማሉ፤ ሜካኒካሎቹ ጥገና ክፍል ይገባሉ፤ ኢንዱስትሪያሎቹ የማምረቻ መስመር ይይዛሉ። የሚያሠሩት ግንበኛ ወይም ኦፕሬተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የሚበልጣቸው፣ ሥራውንም እነሱ ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያሉ የጀመረ ሰው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ብረት ስንት ኪሎ ኒውተን እንደሚሸከም ስናሰላ ቆይተናል። ሰው በሥራው ላይ ምን ሲያጣ እንደሚከፋውና ምን ሲያገኝ እንደሚተጋ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ኮርስ በላይ አላጠናንም።

ጉዳዩ የአለቆች ብቻ አይደለም። ከእኛ ብዙዎቻችን እህቶቻችን ፋብሪካ የሚውሉ፣ አባቶቻችን በቀን ሥራ ያሳደጉን ልጆች ነን። ነገ ራሳችንም መጀመሪያ የምንሆነው ተቀጣሪ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዘን እንሄዳለን፦ ሠራተኛን ከሥራው የሚያስወጣው ምንድን ነው? በሥራው ላይ በደስታ የሚያቆየውስ? ብዙ ሰው ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንድ እንዳልሆኑ፣ መልሳቸውም ቅደም ተከተል እንዳለው ለማሳየት እንሞክራለን።

መልቀቅ በቁጥር ሲለካ

በመለኪያው እንጀምር። በአንድ ዓመት ውስጥ የለቀቁትን ሰዎች ቁጥር በዚያው ዓመት በአማካይ ለነበረው የሠራተኛ ቁጥር አካፍለን በመቶ ስናበዛው የሠራተኛ ፍልሰት መጠን የሚባለውን እናገኛለን። መቶ ሠራተኛ ካለው ድርጅት በዓመት አሥር ሰው ቢለቅ ፍልሰቱ 10 በመቶ ነው። ቁጥሩ ከመቶም ሊያልፍ ይችላል። 200 በመቶ ሲባል አንዱ የሥራ ቦታ በዓመት ውስጥ በአማካይ ሁለት ጊዜ ባዶ ሆኗል፣ ሁለት ጊዜም አዲስ ሰው ተቀጥሮበታል ማለት ነው።

የለቀቀ ሰው የሚያስከትለው ወጪ የደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ግን አለ። አዲስ ሰው ይፈለጋል፣ ይሠለጥናል፤ እስኪለምድ ድረስ ጨርቅ ያበላሻል፣ ማሽን ያቆማል፣ አንዳንዴም ይጎዳል። ፍልሰት የበዛበት ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ የጀማሪ ፋብሪካ ሆኖ ይኖራል።

ገንዘብ ምን ያህል ይሠራል? የፎርድ ታሪክ

የዚህ ጉዳይ በጣም የታወቀው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። ሄንሪ ፎርድ ዲትሮይት አጠገብ በምትገኘው ሃይላንድ ፓርክ በነበረው ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ሠራ። መኪናው በሠራተኛው ፊት እየተሳበ ያልፋል፤ ሠራተኛው አንድ ቦታ ቆሞ አንድ ብሎን ብቻ ሲያጠብቅ ይውላል። ምርቱ ዘለለ፤ ሰዎቹ ግን ሸሹ። በዚያ ዓመት የፋብሪካው ፍልሰት 370 በመቶ ደረሰ። 14,000 ያህል ሰው በሥራ ላይ ለማቆየት በዓመት ከ50,000 በላይ ሰው መቅጠር አስፈለገ።

እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 1914 ኩባንያው በቀን ዘጠኝ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይከፍለው የነበረውን 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ወደ 5 ዶላር አሳደገ፤ የሥራውንም ሰዓት ወደ ስምንት ዝቅ አደረገ። ፍልሰቱ በ1914 ወደ 54 በመቶ፣ በ1915 ወደ 16 በመቶ ወረደ። ፎርድ ራሱ በኋላ ይህን ውሳኔ ወጪ ከቀነሱለት እርምጃዎች ዋነኛ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። በነገራችን ላይ ያንን ደመወዝ ፈልገው ከሶሪያና ከሊባኖስ አካባቢ የሄዱ ሙስሊሞችም በፋብሪካው ዙሪያ ሰፍረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በዚያችው ሃይላንድ ፓርክ መስጂድ ተሠርቷል። ሰው የሚበቃውን ሲያገኝ ሥራው ላይ ብቻ ሳይሆን አካባቢውም ላይ ይቆያል፤ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ መስጂዱንም ይገነባል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ገንዘብ ይሠራል። "ሠራተኛ የሚፈልገው ምስጋና ነው እንጂ ብር አይደለም" የሚል አሠሪ ሲገጥመን ይህን ቁጥር እናስታውስ። ሁለተኛ፣ ሥራው ራሱ አልተለወጠም። ብሎኑ ያው አንድ ብሎን ነው፤ ሰዎቹ የቆዩት ሥራውን ወደውት ሳይሆን ክፍያው ስላካካሰላቸው ነው። ከዚያም በላይ ኩባንያው ጭማሪው የሚገባውን ለመለየት መርማሪዎች ወደ ሠራተኞች ቤት እየላከ አኗኗራቸውን ያስጠና ነበር። ብሩን የሰጠው እጅ በሰውየው ጓዳ ውስጥም ገብቷል። ደመወዝ ጨምሮ ክብር መቀነስ የሚቻል ነገር ነው።

ደመወዙ ሳይበቃስ? ሐዋሳ

ወደ አገራችን እንምጣ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ነው። በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች እየተቀጠሩ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ልብስ መስፋት ጀመሩ። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሰብዓዊ መብቶች ጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚያን ጊዜ በፓርኩ 25,000 ያህል ሠራተኛ ነበር፤ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ የፋብሪካዎቹ ዓመታዊ ፍልሰት ደግሞ 100 በመቶ ገደማ ይደርስ ነበር። ሪፖርቱ ደመወዙን በዓለም ላይ ካሉ ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ብሎታል።

ልጅቷ ከዚያች ደመወዝ ላይ የቤት ኪራይ ከጓደኞቿ ጋር ተካፍላ ትከፍላለች፤ ምግብ ትገዛለች፤ ለቤተሰብም ትንሽ ልትልክ ታስባለች። ሂሳቡ አይሞላም። አንዳንድ ተቆጣጣሪዎች መልቀቋን "የኢንዱስትሪ ባህል የላትም" ብለው ያልፉታል። እኛ እንደ መሐንዲስ ተማሪዎች መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ እንላለን። ገቢው ከወጪው የሚያንስበትን ሥራ መተው ስሌት ነው፤ በባህል ጉድለት የሚሳበብ አይደለም።

ይህን የሚያጠናክር ሌላ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች የሥራ አመልካቾችን በዕጣ ለይተው ተከታተሉ። ሥራውን ካገኙት መካከል ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመቱ ሲያልቅ የለቀቁት 77 በመቶ ደርሰው ነበር። ለብዙዎቹ የፋብሪካው ገቢ ውጭ በግላቸው ከሚያገኙት የሚሻል አልነበረም፤ ለጤና የሚያሰጋው ነገር ግን ይበዛ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ "የወሩ ምርጥ ሠራተኛ" ብሎ ፎቶ መለጠፍ ለውጥ አያመጣም። መሠረቱ ገና አልተጣለምና።

ሁለት መዝገቦች

ታዲያ ደመወዙ ከበቃ በኋላ ሁሉ ነገር ያልቃል? አያልቅም። እዚህ ላይ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1959 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት የተሠራው በፒትስበርግ አካባቢ በሚሠሩ ሁለት መቶ ያህል መሐንዲሶችና የሂሳብ ባለሙያዎች ላይ ነው። ስለ እኛው ሙያ ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ በሥራችሁ በጣም ደስ ያላችሁን ጊዜ ንገሩን፤ በጣም የከፋችሁንም ጊዜ ንገሩን።

መልሶቹ ሲደረደሩ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ሰዎቹን ያስከፏቸው ነገሮች በአብዛኛው የድርጅቱ አሠራር፣ የተቆጣጣሪው ጠባይ፣ ደመወዝ፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነትና የሥራ ቦታው ሁኔታ ነበሩ። ያስደሰቷቸው ደግሞ ሌሎች ናቸው፦ አንድ ነገር ሠርቶ ከዳር ማድረስ፣ ለሠሩት ዕውቅና ማግኘት፣ ሥራው ራሱ፣ ኃላፊነት መረከብና ማደግ። ኸርዝበርግ የመጀመሪያዎቹን በሕክምና ቋንቋ ንጽሕና ብሎ ጠራቸው። ንጹሕ ውሃ በሽታ ይከላከላል፤ ንጹሕ ውሃ ስለጠጣ ብቻ ግን የሚፈረጥም ሰው የለም። ደመወዙ ሲስተካከል፣ ሽንት ቤቱ ሲጸዳ፣ ተቆጣጣሪው መሳደቡን ሲተው ቅሬታው ይጠፋል። ትጋቱ ግን ከሌላ ቦታ ይመጣል።

በጥናቱ ላይ ትችት ቀርቧል፤ እሱንም ማወቅ ይገባል። ሰው መልካም የሆነውን ለራሱ ጥረት፣ ክፉ የሆነውን ለሌላ መስጠት ይወዳል፤ ስለዚህ ምላሹ ራሱ ትንሽ ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዝርዝሮችም ሁልጊዜ እንደዚያ ጥርት ብለው አይለያዩም። እንዲያም ሆኖ ዋናው ሐሳብ ሥራ ላይ ሲውል ይጠቅማል፦ የቅሬታ መዝገብና የትጋት መዝገብ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ላይ ያስገባነው ሌላው ላይ አይቆጠርም።

የሶላት ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ዙህርን ለመስገድ የሚያስፈልገው አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ይህ ጊዜ የተነፈገ ሠራተኛ በየቀኑ ይከፋዋል፤ ቂሙ ከአሥሩ ደቂቃ ይልቅ ብዙ ሥራ ያበላሻል። ስለተፈቀደለት ግን የጠላውን ሥራ ይወዳል ብለን አንጠብቅም። ፈቃዱ መብቱን ጠበቀለት፤ ሥራውን ገና አላሻሻለለትም።

ያው ሠራተኛ፣ ሌላ አያያዝ

የትጋቱን መዝገብ ለማየት ደግሞ ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ። ጄኔራል ሞተርስ በፍሪሞንት ከተማ የመኪና ፋብሪካ ነበረው። ከሥራ መቅረት ከ20 በመቶ በላይ የሚደርስበት፣ አድማና አቤቱታ የማይለየው፣ ጥራቱም የወረደ ፋብሪካ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በሽርክና ከፈቱት፤ አዲሱ ስሙም ኑሚ ተባለ። ሠራተኛው ከየት መጣ? በአብዛኛው ያው የድሮው ሠራተኛ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው የድሮው።

የተለወጠው አያያዙ ነው። ሠራተኞች ከአራት እስከ ስድስት ሰው ባለው ቡድን ተደራጁ። በመስመሩ አጠገብ ገመድ ተዘረጋ፤ ማንኛውም ሠራተኛ ስህተት ሲያይ ገመዱን ስቦ እርዳታ ይጠራል፤ ችግሩ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በሌሎች ፋብሪካዎች ሰዓት የያዘ መሐንዲስ ከሠራተኛው ኋላ ቆሞ የሚለካውን የሥራ ጊዜ፣ ኑሚ ውስጥ ሠራተኞቹ ራሳቸው ለክተው የተሻለውን አሠራር ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ገበያው ሲቀዘቅዝ ኩባንያው ሰው አላባረረም፤ ትርፍ የሆነውን ሠራተኛ ሥልጠናና የማሻሻያ ሥራ ላይ አሠማራው። ከሥራ መቅረት ወደ 3ና 4 በመቶ ወረደ፤ በ1986 ምርታማነቱ ከጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ሁሉ በልጦ ነበር።

"የእኛ ሰው ሥራ አይወድም" የሚለውን አባባል ለሚደጋግሙ ሁሉ ይህ ታሪክ መልስ አለው። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ የተሻሻለው አሠራሩ ነው።

እዚህ ላይ ወደ እኛ የሚያደርስ ድልድይም አለ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው ይህንኑ የጃፓኖች አሠራር ለማስፋፋት ነው። "አምስቱ ማዎች" የሚሉትን ሰሌዳ ፋብሪካ የገባ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያለ ይቀጥላል። ሰሌዳው ጥሩ ነው። የካይዘን ልቡ ግን ሠራተኛው "ይህ ልክ አይደለም" ብሎ መናገር መቻሉ፣ ሲናገርም የሚሰማው ማግኘቱ ነው።

ከእኛ አንዳንዶቻችን ኢንተርንሺፕ ወጥተን በገባንበት አንድ ፋብሪካ ግድግዳው ሁሉ በመፈክር ተሸፍኗል። አንድ ቀን የማሸጊያው ማሽን ኩሽኔታው ተሰባብሮ ቆመ፤ ጥገናውም የቀኑን ፈረቃ በላው። ኦፕሬተሩን ስንጠይቀው ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ የማሽኑ ድምፅ ተለውጦበት ነበር። ለምን አልተናገርክም ስንለው፣ ባለፈው ጊዜ ሲናገር "አንተ ሥራህን ሥራ" ተብሎ እንደነበር ነገረን። ያ ሰውዬ ሰነፍ አልነበረም፤ ከማሽኑ ጋር ለዓመታት ኖሮ ድምፁን ከእኛ መሣሪያ በፊት ይሰማል። ያጣው የሚሰማው ሰው ነው።

ጎረቤት የሚያየው ሚዛን

ከሁለቱ መዝገቦች ሌላ አንድ ነገር እንጨምር። ሠራተኛ ደመወዙን የሚመዝነው በብሩ መጠን ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ካለው ሰው ጋርም ያስተያያል። ስቴሲ አዳምስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን በንድፈ ሐሳብ አስቀመጠው፦ ሰው የሰጠውንና ያገኘውን ይመዝናል፤ ከዚያ የጓደኛውን ሚዛን ያያል። አለመመጣጠን ከተሰማው ወይ ጥረቱን ይቀንሳል፣ ወይ ጭማሪ ይጠይቃል፣ ወይ ይለቃል። አንድ ሺህ ብር ጭማሪ ያገኘ ሰው፣ እኩያው ያለ ምክንያት ሁለት ሺህ እንደተጨመረለት ሲሰማ ደስታው በአንድ ምሽት ወደ ቅሬታ ይለወጣል። የዘመድ፣ የብሔር ወይም የሃይማኖት አድልዎ ድርጅትን ከውስጥ የሚበላው በዚህ መንገድ ነው። ለእኛ ሰው ማዳላትም እዚያው ውስጥ ይገባል፤ ሙስሊም ስለሆነ ብቻ የማይገባውን ፈረቃ የሰጠነው ወንድም ለእኛም ለእሱም ዕዳ ነው።

መድረሳ ከተማርነው

ይህ ሁሉ ለእኛ ፍጹም አዲስ አይደለም። የሠራተኛ ሂሳብ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈል የሚለውን ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በሱረቱል ቀሶስ የሙሳን (ዐ.ሰ) የቅጥር ታሪክ እናስታውስ። አሠሪው ዘመኑን በግልጽ ያስቀምጣል፦ ስምንት ዓመት፤ አሥር ከሞላ በሙሳ ፈቃድ። ሊያስቸግረው እንደማይፈልግም አብሮ ይነግረዋል። ውሉ ግልጽ ነው፣ ግዴታውና ፈቃዱ ተለይቷል፣ ሠራተኛውም እንደማይጨቆን ቃል ተገብቶለታል። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ያገለገሉት አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ የምሬት ቃል ከእሳቸው እንዳልሰሙ አስተላልፈዋል። በሥር ያለን ሰው ከአቅሙ በላይ አለማሠራት፣ ካሠራንም ማገዝ እንዳለብንም ተምረናል።

ሥራ አማና ነው ስንል ብዙውን ጊዜ ሠራተኛውን ለመምከር ነው፤ አትስረቅ፣ አታርፍድ እንለዋለን። አማናው አሠሪውንም ይይዛል። ነገ ፊርማ የያዘው እጃችን የሌላ ሰው ቤተሰብ እራት የሚያልፍበት እጅ ነው።

ነገ ሳይት ላይ ስንቆም

አዲስ መሐንዲስ የደመወዝ መጠን አይወስንም። በእጁ ያለው ግን ትንሽ አይደለም። ጥቂቱን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ስም እንወቅ። በመጀመሪያው ሳምንት የሠራተኞቹን ስም እንያዝ፤ ታላቆቻችንን ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ ብለን እንጥራ። "አንተ! ና እዚህ!" የሚል የሃያ ሦስት ዓመት ኢንጂነር የአርባ አምስት ዓመት ግንበኛ ዘንድ ገና ሳይጀምር ያበቃል።

ሁለተኛ፣ ፊርማችን አይዘግይ። ሳይት ላይ የቀን ሠራተኛ ክፍያ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ስለጠፋ ሳይሆን የመገኛ ሰዓት መቆጣጠሪያው ወይም የተሠራው ሥራ ልኬት በሰዓቱ ስላልተፈረመ ነው። ሐሙስ መፈረም ያለበት ወረቀት ሰኞ ሲፈረም ቅዳሜና እሁድ የሚራብ ቤት አለ።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ከነምክንያቱ እንንገር። ፕላኑን ዘርግተን "ይህ ግድግዳ የሚሸከመው ይህን ነው" ብለን የነገርነው ግንበኛ ሲያበጅ ይጠነቀቃል። ሃክማንና ኦልድሃም የተባሉ ተመራማሪዎች ሥራን ትርጉም ያለው ያደርጉታል ካሏቸው ነገሮች መካከል የሥራውን ሙሉ መልክ ማየት፣ ለሰው የሚሰጠውን ጥቅም ማወቅ፣ በራስ መወሰንና የውጤቱን ዜና መስማት ይገኙበታል። አራቱም ያለ ተጨማሪ በጀት የሚሰጡ ናቸው።

አራተኛ፣ ስህተትን ለብቻ፣ ምስጋናን በሰው ፊት እንናገር። ምስጋናው ደግሞ ነገሩን ይጥራ። "ጎበዝ" ከማለት "ትናንት የሦስተኛው ኮለን ፌሮ ርቀቱ እንደተዛነፈ ያየኸው አንተ ነህ፤ አርማታው ከተሞላ በኋላ ቢሆን እናፈርሰው ነበር" ማለት ይበልጣል።

አምስተኛ፣ "ቁም" ያለን ሰው እናመስግን። አደጋ አለ ብሎ ሥራ ያስቆመ ሠራተኛ ሥጋቱ ልክ ባይሆን እንኳ አይገሠጽ። አንድ ጊዜ ከተገሠጸ በሚቀጥለው እውነተኛ አደጋ ላይ ዝም ይላል።

ስድስተኛ፣ የዕረፍትና የአምልኮ ሰዓትን አስቀድመን በፕሮግራም እናስገባ። የአርማታ ሙሌት ተጀምሮ መሐል ላይ አይቋረጥም፤ ስለዚህ አርብ ቀን ከጁሙዓ በፊት የሚያልቅ ወይም ከጁሙዓ በኋላ የሚጀምር አድርጎ ማቀድ የመሐንዲሱ ሥራ ነው። ለክርስቲያን ባልደረቦቻችን በዓላትም እንዲሁ። ለራሳችን የምንጠይቀውን ለሌላው ከነፈግን የጠየቅነው መብት ሳይሆን አድልዎ ነው።

ሰባተኛ፣ ሰው ይደግ። ዛሬ ድንጋይ የሚያቀብለውን ረዳት በሳምንት አንድ ሰዓት ውሃ ልክ እንዲይዝ እናድርገው። በዓመቱ ግንበኛ ይሆናል፤ ማን እንዳስጀመረውም አይረሳም።

ተቀጣሪ ስንሆንስ

በግል ድርጅት ስንቀጠር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እናንብብ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የቀን ትርፍ ሰዓት ክፍያ ቢያንስ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። እህቶች የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን መሆኑን ይያዙ። ውሉን በጽሑፍ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክም ግልጽነቱ ከመጀመሪያው ቀን ነበር።

በጀመዓችንስ?

እዚህ ግቢ ውስጥ ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ እንሠራለን። የረመዳን ኢፍጣር ኮሚቴ፣ የመስጂድ ጽዳት፣ የፍሬሽማን አቀባበል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ተራ አለ። በየዓመቱ ኻዲሞቻችን ሲጀምሩ ብዙ፣ ሲጨርሱ ጥቂት ይሆናሉ። አንዳንዶች "ትንሽ አበል ይሰጣቸው" ይላሉ። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ፣ የመገጣጠሚያ እንቆቅልሽ ስለፈቱ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቀር በነፃ ጊዜያቸው ወደ እንቆቅልሹ የሚመለሱበት ጊዜ ቀነሰ። በፍላጎት የተጀመረን ነገር በብር መተካት አንዳንዴ ፍላጎቱን ይወስደዋል። ይህ ግን ደሞዝተኛን ላለመክፈል ማመካኛ አይሆንም፤ ቤተሰብ የሚያኖርበት ሥራና በፈቃድ የሚሠራ ኺድማ የተለያዩ ናቸው።

ኻዲሞቻችንን የሚያሰለቻቸው ብዙውን ጊዜ ሥራው አይደለም። ያው ሦስት ሰው ሁልጊዜ ድስት ማጠቡ፣ ውሳኔ ሲሆን ግን አለመጠየቁ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ተራው በጽሑፍ ይውጣ፤ ድስት ያጠበው በሹራው ይቀመጥ፤ ጁኒየሮች አንድ ሙሉ ሥራ ከነኃላፊነቱ ይረከቡ። ሰው ማሠራትን የምንለማመድበት ከዚህ የተሻለ ቦታ ከተመረቅን በኋላ አናገኝም።

በኢንተርንሺፕ ያያችሁትን፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ የድርጅቱን ስም ሳትጠቅሱ ጽፋችሁ ለመጽሔቱ ክፍል ስጡን። በሚቀጥለው ዕትም ለጂሲዎቻችን ስንቅ ይሆናል ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።